ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ ያሉኝ ሕመም

ስለዚህ ሕመም ሴቶች ሲያወሩ የሰማሁት ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነው። ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ወይም ሠርግ ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ አንዷ ወደ ሌላዋ ጆሮ ጠጋ ትልና አንድ ነገር ትላለች፤ ሌላዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። ሕመሙ በራሱ ሰው የሚገድል ሆኖ አይደለም ያን ያህል ያንገላታኝ፤ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ድምፄን ሳልቀንስ ልናገረው።

የተወለድኩት ጅማ አቅራቢያ ነው። ከማልን አግብቼ ሚዛን ተፈሪ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። ከማል ቡናና ኮረሪማ ከገበሬው እየሰበሰበ ለጅማ ነጋዴዎች ያስረክብ ነበር። እኔ ደግሞ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ሻርፕ፣ ብትን ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። ከማል በጉበት በሽታ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። አንድያ ልጃችን ሰሚራ ጅማ አግብታ እዚያው ትኖራለች። በግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና የጓሮውን ክፍል የተከራየው መምህር ዮሐንስ ነበርን። ዮሐንስ ከሚዛን ብዙ የማይርቀው የሸዋ ቤንች ወረዳ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ጠዋት ሲወጣ በመስኮቴ በኩል "እንደምን አደሩ እትዬ" ሳይል የማያልፍ።

ሕመሙ የጀመረኝ ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በክረምት ነው። ጉንፋን ይዞኝ ወደ ደረቴ ወርዶ ስለነበር ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቼ ወሰድኩ። ሳሉ ተወኝ። እሱ ሲተወኝ ግን ማሳከክ ያዘኝ። መጀመሪያ በደንብ ያልደረቀ ልብስ ለብሼ መሰለኝ፤ በእኛ አገር ክረምት የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። የውስጥ ልብሴን ከሰል ምድጃ ዙሪያ እያሰጣሁ አደርቅ ጀመር። ማሳከኩ ግን እየባሰ ሄዶ ወደ ማቃጠል ተለወጠ። ሽንቴን ስሸና ቁስል ላይ ሚጥሚጣ እንደተነሰነሰበት ያንገበግበኛል። ቀጥሎ እንደ አይብ የተቋጠረ ነጭ ፈሳሽ መጣ። ይህ ነው የሚባል ሽታ አልነበረውም።

እኔ ግን ቆሻሻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለሶላት ንጹሕ መሆን አለብኝና ከእያንዳንዱ ሶላት በፊት በሳሙና ታጠብኩ። አልበቃኝ ሲል ውኃው ውስጥ ጨው ጨመርኩ። አንድ ቀን ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ያን ቀን የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ይዤ ነው የጮኽኩት። በታጠብኩ ቁጥር ቆዳዬ ይላጣል፤ በተላጠ ቁጥር ያሳክከኛል፤ ባሳከከኝ ቁጥር እታጠባለሁ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ጨርቅ ለካሁ። ማታ እንቅልፍ የለም። በዚያ ላይ ውኃ ይጠማኛል፤ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሽንቴ ይመጣል። እሱን ግን ከዕድሜዬና ከብርዱ ቆጠርኩት፤ ከማሳከኩ ጋር ይገናኛል ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ለሰሚራ በስልክ ልነግራት ሞክሬ ነበር።

"እማ፣ ድምፅሽ ደክሟል፤ ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

"ምንም፤ ሥራው ነው" አልኳት።

እንዴት ብዬ ልንገራት? የት ቦታ ልበላት? የቦታውን ስም ጠርቼ የማውቀው በሕይወቴ ስንቴ ነው? እናቴም ለእኔ ጠርታው አታውቅም።

መጨረሻ ላይ እዚያው ሚዛን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ተራ የሚጠበቀው በእንጨት አግዳሚ ላይ ነው። የምርመራ ክፍሉን ከአግዳሚው የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዷ ነጂማ ነበረች፤ የከማል ወንድም የአወል ሚስት። ትኩሳት የያዘው የልጅ ልጇን ታቅፋለች።

"ምነው ዘይኑ፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ፤ ዘይነባን አሳጥራ ነው የምትጠራኝ።

"ጨጓራዬን ነው" ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተቀምጬም መቀመጥ አልቻልኩም፤ እግሬን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያዛወርኩ ተራዬ ደረሰ።

ያየኝ ሐኪም ልጄ የሚሆን ወጣት ነው።

"እሺ ማዘር፣ ምን ሆኑ?"

"ማሳከክ ነው።"

"የቱ ጋ?"

አንገቴን ደፋሁ። ገባው።

"ፈሳሽ አለው?"

"አለው።"

ሳይመረምረኝ መጻፍ ጀመረ። እየጻፈም "ይሄ በግንኙነት የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል። ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፤ እሳቸው ካልታከሙ ተመልሶ ይመጣል" አለኝ።

"ባለቤቴ ያለው መቃብር ነው" አልኩት።

እስክሪብቶው ቆመ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እፍረቱ ፊቱ ላይ ይታያል። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት፣ "እንግዲህ... ሌላ ሰው ካለም ይንገሩት" አለኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የሰው ድምፅ በአንዴ ጸጥ አለ። ወረቀቱን ተቀብዬ ስወጣ ነጂማ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት መሬት ታያለች። ቀና ብላ "አላህ ያሽርሽ" እንኳ አላለችኝም።

የታዘዘልኝ መድኃኒት ብዙ ዓይነት ነበር። አንዱ አፍ ያመራል፣ አንዱ ሆድ ያገላብጣል። ሳላጓድል ጨረስኩት። ስጨርስ ሕመሙ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ለምን እንደባሰብኝ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያኔ ግን ለቅጣት የተላከብኝ ነበር የመሰለኝ።

"ሌላ ሰው ካለ" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ ሌላ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ከማልስ? የቡና መልቀሚያ ወራት ሲደርስ ቴፒና ማሻ ሳምንታት ያድር ነበር። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ያልጠረጠርኩትን ሰው አሁን ከሞተ በኋላ መጠርጠር ጀመርኩ። ምን ትቶልኝ ሄዶ ይሆን? ጉበት ነው ያሉት እውነት ጉበት ነበር? የምጠይቀው ሰው አፈር ለብሷል። ዱዓ ላደርግለት ስነሳ ምላሴ ይያያዝብኛል። ያሳለፍነው ዘመን ሁሉ ሌላ ሰው የኖረው መሰለኝ። ማሳከኩን እንኳ ልምድ ሆኖብኝ ልሸከመው እችል ይሆናል፤ ይህኛውን ግን አልቻልኩም።

ብዙ ሳይቆይ አወል ወደ ቤቴ መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት መልስ ነው። ሳይቀመጥ ዙሪያውን አየና ዓይኑን ጓሮው ላይ ጣለ።

"ዘይነባ፣ ሰው ያወራል" አለ።

"ምን ብሎ?"

"ግቢሽ ውስጥ ወንድ አለ።"

"መምህሩን ነው? ከማል ከሞተ ወዲህ ተከራይቶ አንድም ቀን ደጄን አልረገጠም።"

"እኔ አላልኩም። ሰው ነው ያለው። አንቺ ደግሞ የማይነገር ሕመም ታመሻል አሉ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "የወንድሜን ስም ጠብቂልኝ። ልጁን አስወጪው።"

አልተከራከርኩትም። ልከራከር ብል ስለ ሕመሙ ማውራት ሊኖርብኝ ነው፤ ስለ ሕመሙ ከባሌ ወንድም ጋር ከማወራ ሞቴን እመርጣለሁ። በማግስቱ ለዮሐንስ፣ ልጄ ልትመጣ ስለሆነ ክፍሉን እንደምፈልገው ነገርኩት።

"እሺ እትዬ ዘይነባ" አለኝ። ሊሄድ ሲል ዞሮ፣ "ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይቅርታ" አለ።

"የለም፤ ምንም የለም" አልኩት። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ፍራሹንና መጻሕፍቱን በባጃጅ ጭኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግቢው እንደ ባዶ ጎተራ ሆነ። ጠዋት ስነሳ የማንም ድምፅ የለም። በቀኑ የመጀመሪያውን የሰው ድምፅ የምሰማው ሱቄን ከፍቼ ደንበኛ ሲመጣ ነው፤ እሱም "ይህ ሻርፕ ስንት ነው?" የሚል። አንዳንድ ቀን ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲወርድ ደንበኛም ስለማይመጣ ድምፄን ሳላሰማ እመሻለሁ።

ከከተማው ሰው ዓይን ሸሽቼ ቴፒ ሄድኩ። ዕቃ ልገዛ ነው ብዬ ነው ሚኒባስ ውስጥ የገባሁት። ቴፒ ቆላ ነው፤ ሙቀቱና ላቡ ጨምሮብኝ፣ መንገዱን ሙሉ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ደረስኩ። አንድ ፋርማሲ በር ላይ ሦስት ጊዜ አልፌ ተመለስኩ፤ ወንድ ሲሸጥ አልፋለሁ። ሴቷ ስትተካው ገባሁ። ሴትየዋ ብዙ አልጠየቀችኝም። ስነግራት ነጩ ፈሳሽ እንደ አይብ ነው ወይ አለችኝና፣ የሚቀባ ክሬምና ወደ ውስጥ የሚገባ እንክብል አወጣችልኝ።

"ይሄ ፈንገስ ይመስላል" አለች። "ግን ሳይመረመሩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከተመለሰብዎ ሐኪም ቤት ይሂዱ።"

ክሬሙ እንደ ተአምር ሆነልኝ። በሳምንቱ ተኛሁ። እንቅልፍ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ያኔ አወቅኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። እንደገና ገዛሁ፤ እንደገና ተሻለኝ፤ እንደገና ተመለሰ። ሴትየዋ ሐኪም ቤት ሂጂ ማለቷን እያስታወስኩ አልሄድኩም። አንዴ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የደረሰብኝን አውቃለሁ።

እንዲህ እያለ ረመዳን ገባ። በዚያ መሃል ከስቼ ነበር። ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ይንጠለጠላል። እየበላሁ እከሳለሁ። ሴቶች ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ የሚያልፈውን አውቀዋለሁ፤ በዚያ ዘመን የከሳ ሰው ሲታይ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው። ስሙን አይጠሩትም፤ "ያ በሽታ" ነው የሚሉት። መስጊድ ለተራዊህ፣ ለረመዳን የማታ ሶላት፣ ስሄድ በሰልፉ ላይ ከጎኔ የሚቆም ሰው ይዘገያል። ማፍጠሪያ የሚልክልኝ ጎረቤት የሾርባውን ዕቃ ልመልስ ስል "ይቅር፣ እዚያው ይቀመጥ" ይለኝ ጀመር። ዕቃው እኔ ጋ ተደረደረ።

ጾሙ ሦስት ቀን አልዘለቀልኝም። ጥሙ ሌላ ዓይነት ነበር፤ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል፣ ዓይኔ ይጨልማል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ጨርቅ እየለካሁ ተንሸራትቼ ከባንኮኒው ሥር ተቀመጥኩ። ጨርቅ ልትገዛ የመጣችው የገጠር ሴት አማርኛዋ የተሰባበረ ነው።

"አንቺ በሽታ ነሽ። ሆስፒታል ሂጂ" አለችኝ። ከያዘችው ጀሪካን ውኃ በመክደኛው ቀድታ ሰጠችኝ።

"ጾመኛ ነኝ" አልኳት።

"እግዜር ያያል" አለች። "ጠጪ።"

ጠጣሁ። ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ፤ ባጃጅም ጠርታ አሳፈረችኝ። ጨርቋን ሳትገዛ ነው የሄደችው።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተመላላሽ ታካሚዎች መጠበቂያ ሞልቶ ነበር። ዝናብ ሸሽተው የገቡ አስታማሚዎች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ግንባራቸውን በነጠላ ያሰሩ ሰዎች። ብቻውን የመጣ አልነበረም፤ የሌላው ሁሉ ተራ ሲደርስ የሚደግፈው አለ። እኔ ካርዴን ይዤ ግድግዳ ተደገፍኩ። ስሜ ሲጠራ ለመነሳት ሁለቴ ሞከርኩ።

የገባሁበት ክፍል ውስጥ ሲስተር ወይንሸት የምትባል ነርስ ነበረች። አማርኛዋ ላይ የቤንች ቃና አለ፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ተነስታ በሩን መዝጋት ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን በር የመዝጋት ድምፅ ግን አልረሳውም።

"እናቴ፣ ይቀመጡ። ከየት ይጀምሩልኝ?" አለችኝ።

ከድካሙ ጀመርኩ። ከዚያ አፌ ሳላዝዘው ሁሉንም አወጣው፤ የሳሉን መድኃኒት፣ ማሳከኩን፣ ሎሚውን፣ የክሊኒኩን መድኃኒት፣ የቴፒውን ክሬም። ስለ ከማል ያለኝን ጥርጣሬ ሳይቀር ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

"ውኃ ይጠማዎታል?" አለች።

"በጣም።"

"ሽንትስ?"

"ሌሊቱን ሙሉ ስመላለስ ነው የማድረው። ይሄ ደግሞ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?"

"እናያለን" አለች። አስተኝታኝ መረመረችኝ። ከመንካቷ በፊት "አሁን እነካለሁ፤ ካመመዎት ይንገሩኝ" እያለች ነው። በጥጥ ከፈሳሹ ወሰደችና ወደ ላብራቶሪ ላከችው። ከጣቴ ደም አወጣች። የኤች አይ ቪ ምርመራም ላድርግልዎ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ለማለት ትንፋሼን መሰብሰብ ነበረብኝ።

ውጤት እስኪመጣ ውጭ ጠበቅኩ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ለሰሚራ ምን ብዬ እንደምነግራት፣ ሱቁን ማን እንደሚይዘው፣ ከከማል ጎን እቀበር ወይስ አልቀበር ሳይቀር አስቤ ጨርሻለሁ።

ሲስተር ራሷ መጥታ ወደ ውስጥ ጠራችኝ፤ በሩን ዘጋችና ተቀመጠች።

"ኤች አይ ቪ የለብዎትም" አለች። "ስኳር ግን አለብዎት፤ ከፍ ብሏል። የማሳከኩ ምክንያት ደግሞ በማይክሮስኮፕ ታይቷል። እርሾ ነው።"

"እርሾ? ሊጥ የሚያቦካው?"

ሳቀች። "የእሱ ዘመድ። ካንዲዳ ይባላል፤ የፈንገስ ዓይነት ነው። እኔም ላይ አለ፣ እርስዎም ላይ አለ፤ ብዙ ሴት ላይ ጸጥ ብሎ ይኖራል። ጠባቂ የሆኑ ደግ ተሕዋስያን እዚያው አሉና እንዳይበዛ ያደርጉታል። ለሳል የወሰዱት መድኃኒት እነዚያን ደጎች ሲገድላቸው ይሄኛው ሜዳውን ብቻውን አገኘ። ስኳር ሲጨመርበት ደግሞ... ሊጥ ላይ ስኳር ቢጨምሩ ምን ይሆናል?"

"ኩፍ ይላል።"

"በቃ፣ ያ ነው። ክሊኒክ የሰጡዎት መድኃኒት የባክቴሪያ ነው፤ እርሾን አይነካውም፤ እንዲያውም ቦታ ለቀቀለት። የቴፒው ክሬም ትክክለኛው ነበር። ግን ስኳሩ እያለ ክሬሙ ብቻውን አያሸንፍም።"

"ባሌ..." አልኩ።

"ባልዎ ያመጣው ነገር አይደለም። ማንም ያመጣው ነገር አይደለም። ይሄ የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። ባል የሌላት፣ ወንድ አይታ የማታውቅ ልጃገረድም ትታመመዋለች።"

ያኔ አለቀስኩ። ስኳር እንዳለብኝ ሲነገረኝ ዓይኔ ደረቅ ነበር። ለከማል ነው ያለቀስኩት፤ ያን ሁሉ ወር ያለ ጥፋቱ የከሰስኩት ሰው። ሲስተር ወይንሸት ሶፍት ሰጠችኝና ሌላ በሽተኛ ሳትጠራ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ለስኳሩ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘልኝ። ለእርሾው ደግሞ የሚዋጥ እንክብልና ክሬም። ይመላለስብኝ ስለነበር እንክብሉን አንድ ጊዜ ወስዶ መተው እንደማይበቃ፣ ቀን እየዘለልኩ መድገም እንዳለብኝ ነገረኝ። ሲስተር በበኩሏ ሳሙናውን፣ ጨውና ሎሚውን አስተወችኝ፤ በንጹሕ ውኃ ከላይ ብቻ ታጥቤ በደንብ ማድረቅ፣ የጥጥ የውስጥ ልብስ ማድረግ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሰፋ ያለ ልብስ ለብሶ መተኛት። ክሬሙ ስለተሻለኝ ብቻ በመሃል እንዳላቋርጥም አስጠነቀቀችኝ።

መዳኑ በአንድ ቀን አልመጣም። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ውስጥ ለቀቀኝ፤ ስኳሩ እስኪወርድ ግን አንድ ጊዜ ተመልሶብኝ ነበር። ተስፋ ቆርጬ ስሄድ ሲስተር "ተመልሶ መምጣቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አለችና እንደገና አስመረመረችኝ። ቀስ በቀስ ጥሙ ቀነሰ፣ ሽንቱ ቀነሰ፣ ቀሚሴም ሞላልኝ።

ሰሚራ ስኳር እንዳለብኝ ስትሰማ ከጅማ መጣች። መንገዱ መሃል ቦንጋ ላይ ሳትበላ፣ አንድም ቦታ ሳትወርድ ነው የደረሰችው። መድኃኒቶቼን አንድ በአንድ እያነሳች አየች። ክሬሙ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ይሄ ምንድነው እማ?"

ነገርኳት። በተርታ ነገርኳት፣ ከክሊኒኩ እስከ አወል። ስጨርስ ክሬሙን ቦታው መለሰችው። ተቆጣች ብዬ ነበር።

"እኔም ይዞኝ ነበር" አለችኝ። "የመጀመሪያውን ልጄን እርጉዝ ሳለሁ። ባለቤቴ ሌላ ሴት ጋ ሄዶ ያመጣብኝ መስሎኝ ሁለት ወር አላናገርኩትም። ኋላ ሐኪሟ እርጉዝ ሴት ላይ የተለመደ ነው ስትለኝ ነው ያረፍኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

እሷም ስትታመም እኔም ስታመም በየቀኑ በስልክ እንነጋገር ነበር፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ሰው ሠርግ። እሷ ጅማ፣ እኔ ሚዛን፣ በአንድ ሕመም ለየብቻ።

ሰሚራ ከመመለሷ በፊት አወል ቤት አብራኝ እንድትሄድ ጠየቅኳት። አወልና ነጂማ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ሻይ ሳይቀርብ ጀመርኩ።

"ያ የማይነገር ያላችሁት ሕመም ስም አለው" አልኩ። "እርሾ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ስኳሩ አሳድጎብኝ ነው። ከወንድ የመጣ አይደለም። መምህሩን ያለ ኃጢአቱ አስወጣሁት።"

አወል ምንጣፉን እያየ፣ "እኔ ምን አልኩ? ሰው ነው ያለው" አለ።

"ሰውዬው ማን እንደሆነ አልጠይቅህም" አልኩት። ነጂማ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ እስክንሄድ አልተመለሰችም።

ዮሐንስ ያኔ ወደ ማሻ ተዛውሮ ነበር። ቁጥሩን ከሥራ ባልደረባው አግኝቼ ደወልኩለት። ሰዎች ስለ እኔና ስለ እሱ ያወሩትን፣ ምክንያቱ ግን ሕመም እንደነበር ነገርኩት።

"እኔ ደግሞ ማታ ማታ የምዘምረው መዝሙር ረብሾዎት መስሎኝ ነበር" አለኝ። "ሙስሊም ቤት ተከራይቼ መጠንቀቅ ነበረብኝ እያልኩ ስጸጸት ከረምኩ።"

"በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር" አልኩት። "አንድም ቀን አልረበሸኝም።"

ይመለሳል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አልተመለሰም። ማሻ አግብቷል ሲሉ ሰማሁ። ክፍሉን ለሌላ ሰው ማከራየት እችል ነበር፤ ግን ሰዉ ምን ይላል የሚለው ፍርሃት ከሕመሙ ጋር አልለቀቀኝም። መስጊድም ከጎኔ መቆም የተዉት ሴቶች ስወፍር ተመለሱ። ስወፍር ነው የተመለሱት፤ ይህን አውቃለሁ፤ ሰላምታቸውን ግን እመልሳለሁ።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ገበያ በሌለበት ቀን ነጂማ ሱቄ መጣች። ጥቁር ክር ጠየቀች። ሰጠኋት። ነጭም ጠየቀች። ክሩን በጣቷ እያሻሸች ቆማ ቀረች።

"ዘይኑ፣ ያ ነገር" አለች። "ያልሽው እርሾ። ሲጀምር እንዴት ነው የሚያደርገው?"

እግሯን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስታዛውር አየኋት። ምንም አልጠየቅኳትም። ሱቁን ቆለፍኩና ባጃጅ ጠራሁ። ሆስፒታል አብሬያት ተራ ጠበቅኩ፤ ሲስተር ወይንሸት በሩን ስትዘጋ እኔ ውጭ ቀረሁ። ስትወጣ ወረቀት ይዛለች፤ እሷም እርሾ ነው፤ ስኳር የለባትም። ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ወርዷል።

ስንመለስ ባጃጁ ሰፈራቸው ሊደርስ ሲል፣ "እዚህ ልውረድ" አለች። ቤቷ ገና ነው። "አብረን ስንመጣ ካዩ ይጠይቃሉ። ለአወልም እንዳትነግሪብኝ።"

"አልነግርም" አልኳት።

ካፊያው ውስጥ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም። ባለባጃጁ "ወዴት ልሂድ እትዬ?" ሲለኝ ወደ ሱቄ አልኩት። ነጂማን አልተቀየምኳትም። እኔም እኮ ቴፒ ድረስ ሄጄ አንድ በር ላይ ስመላለስ የዋልኩ ሴት ነኝ። ግን ስንት ሴት እንደዚያ ከቤቷ ርቃ ወርዳ በእግሯ እንደምትሄድ አሰብኩ።

አሁንም ስኳሬን እየተከታተልኩ ነው። ማሳከክ ሁሉ እርሾ አይደለም፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሳትመረመሩ መድኃኒት አትግዙ፣ ጎረቤት የወሰደችውን አትዋሱ። እየተመላለሰ ካስቸገራችሁ ስኳራችሁን ተመርመሩ። ሐኪሙ በሩን ካልዘጋ ዝጋልኝ በሉት። ከሁሉ በፊት ግን ለአንድ ሰው ንገሩ፤ እናት ካለች ለእናት፣ ልጅ ካለች ለልጅ።

ማንንም እንዳላሳጣ ብዬ እዚህ ላይ የጠራኋቸውን የሰዎች ስም ሁሉ ለውጫለሁ። ዘይነባ የሚለውን ብቻ ተውኩት፤ እሱ የራሴ ነው።